እጅ የሚመታ ሞተር፦ የውሃ መሳቢያ ሞተር የእሳት ሰዓት ሲዛባ እንዴት እንለየዋለን?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአባላት የቀረበ ገለጻ)





የግብርና ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር እንደሚናገር ሁላችሁም ትጠብቃላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሞተር ነው። ምክንያቱም በእኛ በአቃቂ በሰቃ አካባቢ በበጋ ወራት ወደ ጣቢያችን ከሚመጡት አቤቱታዎች ብዙው ስለ ተባይ ወይም ስለ ዋግ ሳይሆን «ሞተሩ አልነሳ አለኝ» የሚል ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል እስኪወርዱ ድረስ በግራና በቀኝ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት በአብዛኛው ውሃውን የሚያገኘው በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ ሥራ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሞተሩ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። በመጋቢት ፀሐይ ሰላጣ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ካጣ ከዚያ በኋላ ቢጠጣም ገበያ የሚወጣ ቅጠል አይሆንም። ስለዚህ ሞተሩ ጥገና ቤት አንድ ሳምንት ተኛ ማለት የሦስት ወር ድካም አብሮት ተኛ ማለት ነው። (የወንዙ ውሃ ንጽህና ራሱን የቻለ ትልቅ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም፤ ሌላ ቀን ግን መነካት አለበት።)

የሞተር ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስፈጀው ግን ሳይታወቅ የሚቀረው ነው። ካንዴላ ይለወጣል፣ ካርቡራተር ይታጠባል፣ ቦቢና ይገዛል፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። በመጨረሻ «አረጀ» ተብሎ ከመጋዘን ጥግ ይጣላል። ከእነዚህ «አረጁ» ከተባሉት መካከል ጥቂት የማይባሉት የሕመማቸው ምክንያት መካኒኮች «ታይሚንግ» የሚሉት፣ እኔ የእሳት ሰዓት የምለው ነገር መዛባት ነው።

የእሳት ሰዓት ምንድን ነው? ሁለት እናቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ አይታችኋል። የአንዷ ዘነዘና ሲወጣ የሌላዋ ይወርዳል። አንዷ ጥቂት ከቀደመች ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ፤ ጥቂት ከዘገየች ደግሞ ጉልበቷ ከንቱ ይሆናል። በቤንዚን ሞተር ውስጥም ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን አምቆ ወደ ላይ ሲወጣ ካንዴላው እሳት ይረጫል። እሳቱ የሚረጨው ግን ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ አይደለም፤ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቤንዚኑ ነዶ ሙሉ ግፊት እስኪሰጥ ድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። እኛ ዘንድ በብዛት በሚገኙት የሆንዳ ጂ ኤክስ 160 ዓይነትና እነሱን አስመስለው በተሠሩት ሞተሮች እሳቱ የሚረጨው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር 20 ዲግሪ ማለት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ ትንሽ መዛነፍ ትልቅ ችግር ያመጣል።

አሁን ዋናውን ነጥብ ልናገር። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ያዙልኝ። በዛሬዎቹ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የእሳት ሰዓት ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ነው። የሚሽከረከር ማስተካከያም፣ የሚጠብቅ ብሎንም የለውም። በእርጅና ብቻ አይዛባም። ከተዛባ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው፤ ወይ ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ በድንገት ተይዞ ቆሟል፣ ወይ ቮላኖውን የያዘው ዳዶ ላልቷል፣ ወይም አንድ ሰው ፈትቶ በትክክል አልገጠመውም። ስለሆነም የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ ካቻቢቴ ሳይሆን ጥያቄ ነው። «ሞተሩ መጨረሻ ደህና የሠራው መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ማን ከፈተው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በቡድን በሚጠቀሙበት ሞተር ላይ ግን ከባድ ነው። የሞተሩ ባለቤት አሥር አባወራ ከሆነ፣ በእኔ ተራ ተያዘ ብሎ የሚናገር አይገኝም፤ ካሳ እንዳይጠየቅ ይፈራል። በመሆኑም መካኒኩ በጭለማ ይዳብሳል። ስለዚህ የመስኖ ቡድኖች በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ፣ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት በዕለቱ የተናገረ አባል እንደማይቀጣ ቢጽፉበት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምልክቶቹን እንይ። የእሳት ሰዓት ከቀደመ፣ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ እሳቱ ወደ ታች ይመታዋል። የማስነሻ ገመዱን ስትጎትቱ ከእጃችሁ ነጥቆ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ሞተሩ እጅ ይመታል» የሚለው ይህንን ነው። ጣትና አንጓ የተጎዳባቸውን ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ እጅ የመታን ሞተር ለጉልበተኛ ጎረምሳ ሰጥቶ «አንተ ሞክረው» ማለት ይቅር። የቀደመ ሞተር ቢነሳም በጭነት ጊዜ ይንቋቋል፣ ቶሎም ይግላል። የእሳት ሰዓት ከዘገየ ደግሞ ሞተሩ ብዙ ተጎትቶ ይነሳል፤ ጉልበት አይኖረውም፣ በማርሚታ በኩል ይተኩሳል፣ ቤንዚኑ መንደዱን ሳይጨርስ ስለሚወጣ ማርሚታው ከልክ በላይ ይግላል፣ ቤንዚንም ይፈጃል። በካርቡራተሩ በኩል ማስነጠስም ከሁለቱም ጋር ሊታይ ይችላል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ ከሌላ ምክንያትም ይመጣሉ፤ ስለሆነም ወደ ቮላኖው ከመሄዳችን በፊት ርካሹንና ቀላሉን እናስቀድም። ክረምቱን ሙሉ ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ካርቡራተሩን ይደፍናል። ጀሪካን ውስጥ ውሃ የገባበት ቤንዚንም ያስነጥሳል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ሞተሩ ይታፈናል። የቫልቮቹ ክፍተትም በጂ ኤክስ 160 ላይ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በመግቢያው 0.15፣ በመውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡ አንድ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ካልያዛችሁ ችግሩ የመታመቅ ነው።

ሌላ ደግሞ ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር አለ። ብዙዎቹ ሞተሮች የዘይት መጠን ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ከወንዙ ዳር ተዳፋት ላይ አዘንብላችሁ ስታስቀምጡት ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ሞተሩ ዘይት ያነሰ መስሎት ይጠፋል። አንዳንዱ ቦቢና ይገዛለታል። መፍትሔው ግን ዘይቱን መሙላትና ከእግሩ ሥር ድንጋይ አድርጎ ማስተካከል ነው።

ስለ «ጉልበት አነሰው» አቤቱታም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንገኘው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ከመነሻ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የመሳብ አቅሙም እንደዚሁ ነው፤ ከሞተሩ እስከ ውሃው ያለው ቁልቁለት ከ5 እና ከ6 ሜትር በላይ ሲሆን ውሃው ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ጭነት በደንብ ዞሮ፣ ውሃ ሲስብ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ቮላኖውን ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን ወደ ውሃው አውርዱት፤ የመሳቢያው ቱቦ አየር እንዳያስገባም መገጣጠሚያውን ፈትሹ።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ሞተሩ አሁንም እጅ የሚመታ ወይም የሚተኩስ ከሆነ የእሳት ሰዓቱን እንመርምር። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። በመጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ይህ የማይታለፍ ነው። ካንዴላውን ፍቱ። ቀጥሎ የማስነሻ ገመዱን የያዘውን ሽፋን ፍቱት፤ ከውስጥ ቮላኖው ይታያል። በቮላኖው ዙሪያ በአንድ በኩል ማግኔት አለ፤ ከጎኑም ቦቢናው ተገጥሟል። እሳት የሚፈጠረው ማግኔቱ በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ነው። ቮላኖውን በእጃችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስገብታችሁ ፒስተኑ ሲወጣ ይሰማችሁ። ብረት አታስገቡ፣ የሚሰበር ስንጥርም አይሁን። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ቦቢናውን ገና አሁን ያለፈ፣ ሁለት ጣት ያህል የራቀ ሆኖ መገኘት አለበት። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሆኖ ማግኔቱ ገና ቦቢናው ጋ ካልደረሰ እሳቱ ዘግይቷል፤ በብዙ ርቆ ካለፈም ቀድሟል። ይህ አሠራር ዲግሪ አይለካም፤ ትልቅ መዛነፍን ግን ከነቦታው ያሳያል፤ ትንንሹን መዛነፍ የሚያሳየው ቮላኖው ሲነቀል ብቻ ነው።

ቮላኖውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በቦታው የምታስይዘው አንዲት ትንሽ ሽብልቅ ብረት ናት። በሁለቱም ብረት ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ የፓምፑ መዘውር በጨርቅ ወይም በድንጋይ ድንገት ሲያዝ ክራንክ ሻፍቱ ይቆማል፤ ከባዱ ቮላኖ ግን በራሱ ግስጋሴ ወደፊት መሄድ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሽብልቋ ትቆረጣለች ወይም ትጣመማለች። ቮላኖው ወደፊት ስለሄደ ማግኔቱም ከጊዜው በፊት ይደርሳል፤ እሳቱ ይቀድማል። ከተያዘ በኋላ የሚነሳ ሞተር በአብዛኛው እጅ የሚመታው ለዚህ ነው። የዳዶው መላላት ደግሞ በሁለቱም በኩል ሊያዛንፍ ይችላል። ክራንክ ሻፍቱ በዚያ ቦታ ላይ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሽብልቋ አንዲት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ የእሳት ሰዓቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ይዛባል። ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አያስፈልጋትም።

ባለፈው በጋ ያየሁትን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለማ ቡድን ሞተሩን ለሦስት ሳምንት አቁሞት ነበር። ካንዴላ ሁለት ጊዜ፣ ካርቡራተር አንድ ጊዜ፣ ቦቢና አንድ ጊዜ ተለውጧል። አንድ ቡድኑን የሚመሩ አባት «ልጄ፣ ይኼ ሞተር ጋኔን አለበት፤ ወይ ይተኩሳል ወይ እጅ ይመታል» አሉኝ። ሌላው ሁሉ ሲወራ አንድ ወጣት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ወደ ኋላ ላይ ብቻዬን ሳገኘው በእሱ ተራ ፌስታልና ገመድ ገብቶ ፓምፑን እንዳነቀው፣ ሞተሩም «ግጭ» ብሎ እንደቆመ፣ ከዚያ ወዲህ እንደተለወጠ ነገረኝ። ቮላኖው ሲነቀል ሽብልቋ ግማሽ በግማሽ ተላጭታ ነበር። ከተለወጡት ዕቃዎች ሁሉ የምትረክሰው እሷ ነበረች። የቡድኑ አንድ መደብ ቆስጣ ግን ቀድሞ ደርቋል።

ሽብልቋን ስትለውጡ ለዚያ ሞተር የተሠራችውን ግዙ። ሚስማር ሞርዶ ወይም የመጋዝ ስባሪ ቆርጦ ማስገባት በየቦታው ይታያል፤ ልክ ያልሆነ ብረት ቮላኖውን ያላላል፣ ከልክ በላይ የጠነከረ ደግሞ በሚቀጥለው መታነቅ በእሱ ፈንታ የክራንክ ሻፍቱን ቦይ ይሰብራል። ክራንክ ሻፍት መለወጥ ማለት ሞተሩን መግዛት ያህል ነው። ቮላኖውን በመዶሻ እየመቱ ማውለቅም ማግኔቱንም ክራንክ ሻፍቱንም ይጎዳል፤ መንቀያ አለው። ስትመልሱት የሁለቱን ብረቶች መጋጠሚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉ፣ ዘይት አትቀቡት፤ ዳዶውንም የሞተሩ መመሪያ በሚለው ልክ አጥብቁ። ከዚያ በማግኔቱና በቦቢናው መካከል የንግድ ካርድ ውፍረት ያህል፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ትታችሁ ቦቢናውን እሰሩ።

ሽብልቋ ደህና ሆና የእሳት ሰዓቱ የተዛባ የሚመስል ሞተር ካጋጠማችሁ ከዚህ በፊት ሆዱ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳም ማርሾች ምልክታቸው ተገጣጥሞ መግባት አለበት፤ በአንድ ጥርስ ከተዛነፉ ቫልቮቹ ያለ ጊዜያቸው ይከፈታሉ። ይህ የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው። ፑንቲና ያላቸው የድሮ ሞተሮች ካሏችሁም የፑንቲናው መበላት ራሱ ሰዓቱን ያዛባል፤ እነሱ በየጊዜው መታየት ያለባቸው ናቸው።

የናፍጣ ሞተር ላላችሁ ደግሞ፦ ካንዴላ የለም፣ ሰዓቱን የሚወስነው ፖምፓው ናፍጣውን የሚልክበት ቅጽበት ነው። እንደ ኤስ 195 ባሉት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ በቮላኖው ላይ ምልክት ተቀርጿል። ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከጫፉ ፈትታችሁ ቮላኖውን በዝግታ ስታዞሩ፣ በቱቦው አፍ ያለው ናፍጣ ንቅናቄ በሚያሳይበት ቅጽበት ምልክቱ መገጣጠም አለበት። ከፖምፓው ሥር ያሉ ስስ ንጣፎች ሲጨመሩ ሰዓቱ ይዘገያል፣ ሲቀነሱ ይቀድማል። ጥገና ላይ አንዷ ንጣፍ ጠፍታ ፖምፓው ከተገጠመ ሞተሩ ወዲያው በኃይል መንኳኳት ይጀምራል፤ የዘገየ ደግሞ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ይግላል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን የሚፈታ ወይም ከኢንጀክተር የሚረጨውን ናፍጣ በእጁ የሚሞክር ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስሉም ትንሽ መስሎ እጅ ያሳጣል።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ላይ ባሉ ብዙዎቹ የጀልባ ሞተሮችም ቮላኖና ሽብልቅ አሉ፤ የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ሞተር እጅ ሲመታም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ነው።

ለመከላከሉ አብዛኛው ነገር በእጃችን ነው። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለ ወንፊት ውሃ ውስጥ አይግባ፤ የእኛ ወንዝ ፌስታል፣ ጨርቅና ገመድ ይዞ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንፊቱን ብቻ ማመን ስለማይበቃ ሙሉውን በተቦጫጨቀ የቅርጫት ሥራ መክበብ፣ ከወንዙ አልጋም ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይበጃል። ፓምፑ ከታነቀ ደግሞ ሞተሩን ደጋግሞ በጉልበት ማስነሳት ክልክል ይሁን፤ መጀመሪያ ይጽዳ።

ለዩኒየናችን አመራርና ለወረዳው የሥራ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ሞተር ስናከፋፍል ቁጥሩ በሪፖርት ላይ ይጻፋል፤ ስንቱ በሁለተኛው በጋ እየሠራ እንደሆነ ግን አይጻፍም። ቢጻፍ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ዩኒየኑ ከማዳበሪያውና ከዘሩ ጎን ጥቂት ሽብልቆች፣ ካንዴላዎች፣ ወንፊቶች፣ አንድ ፊለር ጌጅና አንድ የቮላኖ መንቀያ በመጋዘኑ ቢያስቀምጥ፣ መንቀያው በፊርማ ለአባላት ቢዋስ፣ የሚወጣው ወጪ ከአንድ አዲስ ሞተር ዋጋ ያነሰ ነው። ከየመሠረታዊ ማህበሩ ሁለት ሁለት ወጣቶች፣ ከተቻለ አንዷ ሴት፣ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላችን ሦስት ቀን ቢሠለጥኑ እስካሁን ያወራሁትን ሁሉ በእጃቸው ይሠሩታል። ለሥልጠናው ጊዜዬን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ሞተር ይዛችሁ የመጣችሁ አባላት ከምሳ በኋላ ከመጋዘኑ ጎን ባለው ጥላ ሥር አቆዩልኝ፤ ቤንዚኑን ከታንከሩ አፍስሳችሁ፣ ሞተሩንም ቀዝቃዛ እንደሆነ። መጨረሻ ማን እንደከፈተውም አስባችሁ ኑ።